ማይክሮፎኑ የማን ነው?

ሊኑክስ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚለውን መልእክት ያውቀዋል። አርዱዊኖውን በዩኤስቢ ሰክቶ ፕሮግራም ሊጭንበት ሲል ኮምፒውተሩ አልከፍትም ይለዋል። ትንሽ ይናደዳል፣ ጎግል ያደርጋል፣ መጀመሪያ ያገኘውን መልስ ይገለብጣል፦ ሲኤችሞድ 666። በቃ፣ ሠራ! ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ነገሩ አያስብም።

ይህቺ ቁጥር ክፍል ውስጥ ያልመጣችበት ሴሚስተር አላስታውስም። ተመርቃችሁ የሄዳችሁትም በቴሌግራም በምትልኩልኝ ስክሪንሾት ላይ አንዳንዴ ቁጭ ብላ አያታለሁ። «ሠርቶ የለ እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአንድ መስመር አያልቅም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለው። ዛሬ እሱን ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሙልቲክስ ከተባለ ትልቅ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ወጣ። ፕሮጀክቱ ላይ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ኬን ቶምፕሰን፣ ኒው ጀርሲ መሪ ሂል በሚገኘው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ፒዲፒ-7 በምትባል ያኔም ቢሆን ጊዜዋ ባለፈ ማሽን ላይ የራሱን ትንሽ ሲስተም መጻፍ ጀመረ። ዴኒስ ሪቺና ሌሎችም ተጨመሩ። ዩኒክስ የተወለደው እንዲህ ነው።

እነዚህ ሰዎች ካመጧቸው ሐሳቦች አንዱ ቀላል ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የምንኖርበት ነው። ማተሚያው፣ ዲስኩ፣ የቴፕ ማጫወቻው፣ ተርሚናሉ እያንዳንዳቸው ዴቭ በሚባል ፎልደር ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ስም ይሰጣቸው አሉ። ፋይሉ ውስጥ ጽሑፍ የለም። ያለው ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ የትኛው ድራይቨር እንደሚመለከተው፣ ሌላው ድራይቨሩ ከሚያስተዳድራቸው መሣሪያዎች የትኛው እንደሆነ ለከርነሉ ይነግረዋል። ፋይሉን ስትከፍቱት ከርነሉ ቁጥሮቹን አይቶ ለድራይቨሩ ያስተላልፋችኋል። እንግዲህ ፋይል መጻፍ የሚችል ፕሮግራም ሁሉ፣ ስለ ማተሚያ ምንም ሳያውቅ፣ ማተሚያ ላይም መጻፍ ቻለ ማለት ነው።

ሪቺና ቶምፕሰን በሐምሌ 1974 ስለ ዩኒክስ ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ የዚህን አሠራር ሦስት ጥቅሞች ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው፣ ከፋይልና ከመሣሪያ ማንበብና መጻፍ በተቻለ መጠን ተመሳሳይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የፋይል ስም የሚጠብቅ ፕሮግራም የመሣሪያ ስም ቢሰጠውም መሥራቱ ነው። ሦስተኛው፣ መሣሪያዎቹ ልክ እንደ ተራ ፋይሎች በአንድ ዓይነት የጥበቃ ሥርዓት ሥር መዋላቸው ነው። የዛሬው ጉዳያችን ይህ ሦስተኛው ነው። ለፋይል የተሠራው ቁልፍ ለማተሚያውም፣ ለዲስኩም ሆነ። አዲስ ቁልፍ መፈልሰፍ አላስፈለገም።

ቁልፉን ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ግን ባጭሩ ልበል። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው፣ ቡድን አለው፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ «ሌላ» ነው። ለእያንዳንዳቸው ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይደመራል። በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ላይ ባለቤትና ሌላው ሰው ብቻ ነበሩ፤ ቡድን የተጨመረው በኋላ ነው። ስለዚህ 600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያነባል፣ ይጽፋል ማለት ነው። 660 ባለቤቱና ቡድኑ። 666 ደግሞ ማንም፣ ሁሉም።

ይህ ቁልፍ መሣሪያ ላይ ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። ዲስኩን የሚወክለውን ፋይል 666 አደረጋችሁት እንበል። በዚያ ዲስክ ላይ ያለ የማንኛውም ሰው ፋይል ፈቃዱ 600 ቢሆንም ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም በር ሳላንኳኳ ግድግዳውን አፍርሼ ገባሁ ማለት ነው። ጥሬውን ዲስክ የሚያነብ ሰው የፋይል ፈቃድ የሚባል ነገር አያገኘውም። አንዲት ፋይል የሌሎቹን ሁሉ ጥበቃ ትሸከማለች።

እንግዲህ ሐሳቡ ጎበዝ ነው፤ ግን ከውስጡ አንድ ስንጥቅ ነበረው። የደብዳቤ ፋይል ባለቤቱ የጻፈው ሰው ነው፤ ዛሬም ነገም የእሱ ነው። የኪቦርድ ባለቤት ማን ነው? ጠዋት አንዷ ትቀመጥበታለች፣ ከሰዓት ሌላው። የመሣሪያ ባለቤትነት በተራ ነው። ዲስክ ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም ግን ሰው ካልቀየረው ባለበት ይቆያል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ፣ በቋሚ ስምና በተራ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው።

ጥያቄው መጀመሪያ የመጣው በተርሚናል ላይ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰው በየተርሚናሉ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ተርሚናል ደግሞ ዴቭ ውስጥ አንድ ፋይል ነው። መፍትሔው ቀጥተኛ ነበር። በ1979 የወጣውን ሰባተኛ እትም ዩኒክስ ምንጭ ኮድ ብታዩት፣ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ ሎግኢን የሚባለው ፕሮግራም የተርሚናሉን ፋይል ባለቤትነት ወደ እሱ ያዞረዋል። ሲወጣ ተርሚናሉ ተመልሶ የሲስተሙ ይሆናል፤ ቀጣዩን ተረኛ ይጠብቃል። ባለቤትነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ሆነ።

እዚያው ላይ የምወዳት ትንሽ ታሪክ አለች። ከመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ትዕዛዞች አንዱ ራይት ነው፤ ሌላ ሰው ተርሚናል ላይ መልእክት ይጽፋል። የዛሬው ቻት አያት በሉት። እንዴት ይሠራል? የሰውየው ተርሚናል ፋይል ስለሆነ ፋይሉ ላይ ይጽፋል፣ በቃ። መረበሽ ያልፈለገ ሰውስ? «ሜስግ ኤን» ይላል። ይቺ ትዕዛዝ የምታደርገው ሌሎች ተርሚናሉ ላይ የመጻፍ ፈቃዳቸውን መንሳት ብቻ ነው። «አትረብሹኝ» ማለት አንድ የፈቃድ ቢት መቀየር ነበር።

ችግሩ የመጣው ተርሚናሎቹ ብልጥ ሲሆኑ ነው። ከወረቀት ቴሌታይፕ ወደ ስክሪን ሲያድጉ፣ የተወሰኑ ተርሚናሎች ልዩ የፊደል ቅደም ተከተል ሲደርሳቸው ስክሪናቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ባለቤቱ ራሱ የተየበው አስመስለው ወደ ኮምፒውተሩ መልሰው ይልኩ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ተንኮለኛ የእናንተ ስክሪን ላይ ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ ጽፎ «መልሰህ ላክ» ቢለው፣ ትዕዛዙ በእናንተ ስም ይፈጸማል። መጻፍ ብቻ የፈቀዳችሁለት ሰው በእናንተ እጅ መተየብ ቻለ ማለት ነው። የበርክሌይ ዩኒክስ ሰዎች ለዚህ መላ አበጁ። ተርሚናሎች ቲቲዋይ የሚባል ቡድን ተሰጣቸው፤ የመጻፍ ፈቃድ ለቡድኑ ብቻ ሆነ፤ ራይት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሲሮጥ የዚያን ቡድን ሥልጣን እንዲይዝ ተደረገ። ፕሮግራሙ አደገኛ ፊደላትን እያጣራ ያስተላልፋል። ሰው በቀጥታ አይነካም።

ይህ «ሥልጣኑን ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም መስጠት» የሚባለው ብልሃት የዴኒስ ሪቺ ነው፤ ሴትዩአይዲ ይባላል። በጥር 1979 በቁጥር 4,135,240 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቶታል፤ በኋላም ለሕዝብ ነፃ ተደርጓል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ ወረቀት አታነሱም፤ ግምጃ ቤት ኃላፊው በሞዴል 22 አስፈርሞ ያወጣላችኋል። ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው፤ እናንተ የምታገኙት ወረቀቱን ነው።

ተመሳሳይ ነገር በማስታወሻ ላይም ተደረገ። ዩኒክስ የማሽኑን ሜሞሪ ሳይቀር ዴቭ ውስጥ ፋይል አድርጎ አስቀምጦታል። ምን ምን ፕሮግራም እየሮጠ እንደሆነ የሚያሳየው ፒኤስ የከርነሉን ሜሞሪ ከዚያ ፋይል እያነበበ ነበር የሚሠራው። ግን ያንን ፋይል ማንበብ የሚችል ሁሉ ሌላው ሰው የሚተይበውን የይለፍ ቃል ጭምር ከሜሞሪ ውስጥ ሊለቅም ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ኬሜም ለሚባል ቡድን ተሰጠ፤ ፒኤስም በቡድኑ ሥልጣን እንዲሮጥ ሆነ። ሊኑክስ በኋላ ይህን መንገድ ትቶ መረጃውን ፕሮክ በሚባል ሌላ ፎልደር በኩል በልክ እየቆነጠረ መስጠትን መርጧል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ፤ ወደ ማይክሮፎኑ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1989 ስፓርክስቴሽን 1 የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ ድምፅ መቅዳትና ማጫወት አብሮት መጣ። በዩኒክስ ደንብ መሠረት ድምፁም ፋይል ሆነ፤ ዴቭ ውስጥ ኦዲዮ የሚባል። ፋይሉ ላይ ብትጽፉ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ፋይሉን ብታነቡ ማይክሮፎኑ ይሰማል። እንደዚህ ቀላል ነው። የፋይሉ ፈቃድ ግን ለሁሉም ክፍት ነበር። አዎ፣ ያቺ 666።

ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ምንም አልነበረም። ግን እነዚህ ማሽኖች በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋማት በኔትወርክ የተያያዙ ነበሩ፤ አንድ ተጠቃሚ ከሌላ ክፍል፣ ከሌላ ሕንፃ ሆኖ ሊገባባቸው ይችላል። አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው ገብቶ ያንን ፋይል ቢያነብ፣ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው የሚያወሩ ሰዎችን ድምፅ ያዳምጣል። ቫይረስ አላስፈለገም፣ ሰብሮ መግባትም አላስፈለገም፤ ተራ የፋይል ማንበቢያ ትዕዛዝ ይበቃል። በጥቅምት 1993 ሰርት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ማስተባበሪያ ማዕከል ስለ ሰን ሲስተሞች ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ይኸው የኦዲዮ ፋይል ነበር።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን የተናቀ ባለቤት አልነበረም፤ ባለቤት ራሱ አልተሰየመም። ማይክሮፎኑ «የሁሉም» ተባለ፤ የሁሉም የተባለ ማይክሮፎን ደግሞ መጀመሪያ የሚያገለግለው የሚሰልለውን ነው።

መፍትሔው የተርሚናሉ መፍትሔ ነበር፤ ባለቤትነቱን ለተረኛው ማዞር። ሰን ላይ ኤፍቢታብ የሚባል፣ በኋላም በሶላሪስ ሎግኢንዴቭፐርም የተባለ የዝርዝር ፋይል አለ። አንድ ሰው ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ ሲገባ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ድምፁ ሁሉ በዝርዝሩ መሠረት በእሱ ስም ይዞራሉ። ከሩቅ የገባው አይደርሳቸውም።

አለቀ ብላችሁ ይሆናል። አላለቀም። ዩኒክስ ፈቃድ የሚጠይቀው ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነው። የግቢ ጥበቃ መታወቂያ የሚያየው በር ላይ ነው፤ አንዴ ከገባችሁ በኋላ ውስጥ እየዞረ አይጠይቃችሁም። ስለዚህ የጠዋቷ ተጠቃሚ ማይክሮፎኑን የከፈተ ፕሮግራም ከበስተኋላ ትታ ብትወጣ፣ ከሰዓት ሌላው ሲገባ ባለቤትነቱ ወደ እሱ ይዞራል፤ የእሷ ፕሮግራም ግን መቅዳቱን ይቀጥላል። የስሙ መቀየር ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። በ1990 የወጣው 4.3ቢኤስዲ ሬኖ ሪቮክ የሚባል አዲስ ጥሪ ያመጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አንድን መሣሪያ የከፈተውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስወጣል። ሊኑክስ ለኪቦርድና ለማውስ ይህን መሰል ነገር ያገኘው በ2013፣ በከርነል 3.12 ነው።

የሊኑክስ ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሲጀምረው የዩኒክስን ወግ ይዞ ነበር፤ ዴቭ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ተራ ፎልደር፣ ውስጡ ሜክዴቭ በሚባል ስክሪፕት ቀድመው የተፈጠሩ ፋይሎች። ማሽኑ ላይ ይኑር አይኑር፣ ሊኖር ለሚችል መሣሪያ ሁሉ ፋይል ይፈጠራል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች፣ አብዛኞቹ ከኋላቸው ምንም የለም። ዩኤስቢ ሲመጣ ይህ አሠራር ተንገዳገደ፤ መሣሪያው አሁን አለ፣ ከደቂቃ በኋላ ተነቅሏል፣ ነገ ሌላ ሶኬት ላይ ነው።

ሪቻርድ ጉች የጻፈው ዴቭኤፍኤስ በከርነል 2.4 (2001) አንድ መልስ ይዞ መጣ፤ ፎልደሩ ሜሞሪ ላይ ይሁን፣ በውስጡ በእውነት ያለ መሣሪያ ብቻ ይታይ። ጥሩ ነው። ግን ሜሞሪ ላይ ያለ ነገር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ አስተዳዳሪው የቀየረው ባለቤትነትና ፈቃድም እንደዚያው። ያንን የሚያስታውስ ሌላ ፕሮግራም አስፈለገ። የስም አወጣጡም ከርነሉ ውስጥ መቀመጡ ብዙ አከራከረ። በ2003 ግሬግ ክሮሃ-ሃርትማን ዩዴቭን አቀረበ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከርነሉ «እንዲህ ያለ መሣሪያ መጣ» ብሎ ይናገር፤ ስሙን፣ ባለቤቱን፣ ቡድኑን፣ ፈቃዱን ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም በጽሑፍ ደንብ ይወስን። አስተዳዳሪው ደንቡን አንዴ ይጽፋል፤ መሣሪያው በተሰካ ቁጥር ይፈጸማል። ዴቭኤፍኤስ በ2006 ከከርነሉ ወጣ። ዛሬ የምትጠቀሙት ዩዴቭን ነው።

ሲኤችሞድ 666 ያላችሁት አርዱዊኖ ነቅላችሁ ስትሰኩት ለምን እንደገና እንደሚከለክላችሁ አሁን ገባችሁ? ፋይሉ በተነቀለ ጊዜ ጠፍቷል። የተሰካው አዲስ ፋይል ነው፤ ደንቡ የሚያውቀው እናንተ በእጃችሁ የቀየራችሁትን ሳይሆን የተጻፈውን ነው።

ደንቡ ግን ማንን ባለቤት ያድርግ? የቆየው መልስ ቡድን ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሲሪያል ፖርቱ የሩት ነው፣ ቡድኑ ዲያልአውት፣ ፈቃዱ 660። ስሙ በስልክ መስመር በሞደም ከሚደወልበት ዘመን የቀረ ነው። ለድምፅ ኦዲዮ፣ ለካሜራ ቪዲዮ የሚባሉ ቡድኖች አሉ። ለሲሪያል ፖርት ቡድን ጥሩ መልስ ነው። ለማይክሮፎን ግን ያው የ1993 ጥያቄ ይመለሳል፤ የኦዲዮ ቡድን አባል የሆነ ሰው ቤቱ ሆኖ በኤስኤስኤች ቢገባስ? አባልነቱ አብሮት ይመጣል። ቡድን ማን እንደሆናችሁ ያውቃል፤ የት እንደተቀመጣችሁ አያውቅም።

ይህንን ለመሙላት ብዙ ተሞክሯል። ሬድ ሃት ፓም-ኮንሶል ነበረው፤ በኋላ ኮንሶልኪት መጣ፤ አሁን ብዙዎቹ ስርጭቶች ላይ ያለው የሲስተምዲ ሎግይንድ ነው። እሱ «መቀመጫ» የሚባል ነገር ያውቃል፤ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ድምፅ አንድ ላይ የአንድ መቀመጫ ናቸው። መቀመጫው ላይ አሁን ያለው ሰው ስሙ በመሣሪያው ፋይል ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ተጠቃሚ ሲቀየር ይፋቃል። ላፕቶፓችሁ ላይ የድምፅ ካርዱን ፋይሎች በኤልኤስ ዘርዝራችሁ እዩ፤ ከፈቃዱ ፊደላት ቀጥሎ የመደመር ምልክት አለች። ያቺ ምልክት «ከዚህ ሌላ ዝርዝር አለ» ማለቷ ነው። ጌትፋክል በሚባለው ትዕዛዝ ስትከፍቱት የራሳችሁን ስም ታገኙታላችሁ።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፣ ዛሬ ማን እንደዚያ ይሳሳታል?» የሚል ካለ በኪሱ ያለውን ስልክ ያስብ። አንድሮይድ ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ዴቭ ፎልደር አለው። በታኅሣሥ 2012፣ ኤክሲኖስ 4 ቺፕ ባላቸው የሳምሰንግ ስልኮች ላይ፣ ጋላክሲ ኤስ 3ን ጨምሮ፣ ኤክሲኖስ-ሜም የምትባል የመሣሪያ ፋይል ተገኘች። የምትወክለው የስልኩን ሜሞሪ በሙሉ ነው። ፈቃዷ? 666። ማንኛውም የጫናችሁት አፕ፣ ምንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ሜሞሪውን አንብቦና ጽፎ ሩት መሆን ይችል ነበር። ከኬሜም ቡድን ታሪክ በኋላ ስንት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሩት። ሳምሰንግ በማሻሻያ ዘጋው።

በጥንቃቄ የተሠራው የአንድሮይድ ክፍል ግን የግምጃ ቤት ኃላፊውን መንገድ የተከተለው ነው። እያንዳንዱ አፕ የራሱ የተጠቃሚ ቁጥር አለው፤ የካሜራውን ፋይል ግን በቀጥታ አይከፍትም። የሚከፍተው የሲስተሙ አገልግሎት ነው፤ አፑ ይጠይቃል፣ አገልግሎቱ እናንተ ፈቅዳችሁ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ ምስሉን ያቀብላል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሲሠራ ጥግ ላይ የምትበራው አረንጓዴ ምልክት የምትበራው በመሃል ጠያቂና ተጠያቂ ስላለ ነው። ሁሉም ዘሎ የሚገባበት በር ላይ ማን ገባ ብሎ የሚናገር አይኖርም።

እንግዲህ ወደ አርዱዊኖው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ወይ ራሳችሁን ዲያልአውት ቡድን ውስጥ ጨምሩና ወጥታችሁ ግቡ። ወይ የመሣሪያውን የአምራችና የምርት ቁጥር ጠቅሳችሁ አንድ መስመር የዩዴቭ ደንብ ጻፉ፤ ፈቃዱ 660 ይሁን፣ ቡድኑ ይጠቀስ። ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ዩአክሰስ የሚለውን ምልክት ስጡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ዛሬ የሰው ማሽን የሚያስተዳድሩ ናችሁ። በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ። የምትሰኩት ነገር አርዱዊኖ ብቻ አይደለም፤ የላብራቶሪ መሣሪያ፣ የካርድ አንባቢ፣ የበር መቆጣጠሪያ ነው። 666 ስትጽፉ ችግሩ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን «ይህ ዕቃ አሁን በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ጥያቄው ከጠፋ መልሱን የሚሰጠው ቀድሞ የደረሰው ፕሮግራም ነው።

እስኪ ዛሬ ማታ የምታስተዳድሩት ማሽን ላይ ዴቭን ዘርዝሩና በ666 የተከፈቱትን ለዩ። ጥቂቶቹ በትክክል ለሁሉም የተሠሩ ናቸው፤ ነል እና ዜሮ የሚባሉት ለምሳሌ ማንንም አይጎዱም። የቀሩትን አንድ በአንድ «አንተ የማን ነህ?» በሏቸው። መልስ ያጣችሁለትን ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ሰላም እደሩ።